ሰው ሳይጠሩ ማንበብ

ቢዮ አዋሌ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር ክላስተሮች አንዱ ነው። «ቢዮ» በሶማሊኛ ውሃ ማለት ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እዚያ ከአንድ ወጣት ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር። ወጣቱ ማየት የተሳነው ነው፤ በሥነ ዜጋ ዲግሪውን ይዞ ሥራ ይፈልጋል። ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ቴሌግራም ከፈተ። ቶክባክ የሚባለው የስልኩ አንባቢ የጓደኞቹን መልእክት እየተንደረደረ አነበበለት። ፍጥነቱ ለእኔ ጆሮ አልያዝ አለ፤ እሱ ግን እየሰማ ይስቃል፣ መልስ ይጽፋል። አንድ መሥሪያ ቤት የለጠፈው የሥራ ማስታወቂያ ላይ ሲደርስ ድምፁ «ፎቶ» አለና ቆመ። ጣቱን ወደ ቀኝ አንሸራተተ፣ መለሰው። «ፎቶ»።

«እስቲ አንተ አንብብልኝ አቦ» አለኝ።

አነበብኩለት። ማህተም የተመታበት ደብዳቤ ነው፤ በስልክ ካሜራ ተነሥቶ ነው የተለጠፈው፣ ጠርዙ ተጣሟል። የሥራ መደቡን፣ ተፈላጊ ችሎታውን፣ ደመወዙን፣ የምዝገባውን ቀን ነገርኩት። ግርጌው ላይ ያሉትን ሁለት ሦስት መስመሮች የተለመዱ ናቸው ብዬ አለፍኳቸው።

ድረ ገጽን ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ ስለማድረግ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ወሬው ከውድ ቴክኖሎጂ ይጀምራል። እኔ ከዚያች «ፎቶ» ከምትለው ቃል ብጀምር እመርጣለሁ። ሀገራችን አገልግሎቷን ወደ ስልክና ወደ ድረ ገጽ በፍጥነት እያዛወረች ነው። ጥያቄው ቢዮ አዋሌ ያለ ዐይነ ስውር ወጣት፣ አዲስ አበባ ያለች መስማት የተሳናት ተማሪ፣ ሞራ ዐይናቸውን የጋረዳቸው አዛውንት ሰው ሳይጠሩ ጉዳያቸውን መጨረስ ይችላሉ ወይ ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ ትልቁ እንቅፋት ርካሽና ቀላል ሆኖ ይገኛል፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

የስክሪን አንባቢ አሠራር ከባድ አይደለም። ከገጹ በስተጀርባ የተጻፈውን ጽሑፍ ወስዶ ወደ ድምፅ ይቀይራል። አርእስት ከሆነ «አርእስት»፣ መጫኛ ከሆነ «መጫኛ» ብሎ ይነግራል። ተጠቃሚው ከአርእስት ወደ አርእስት እየዘለለ፣ ዐይናማ ሰው ገጹን በዐይኑ እንደሚቃኘው እሱም በጆሮው ይቃኛል። በኮምፒውተር ላይ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ኤንቪዲኤ በነፃ የሚገኝ ነው፤ ሁለት ማየት የተሳናቸው አውስትራሊያውያን፣ ማይክል ከራንና ጄምስ ቴህ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ነው። እንግዲህ መሣሪያው አለ፣ ገንዘብም አይጠይቅም። መሣሪያው የሚያነበው ጽሑፍ ግን መኖር አለበት። ፎቶ ውስጥ ያለ ፊደል ለእሱ የቀለም ነጠብጣብ ነው።

ታዲያ መሥሪያ ቤቶቻችን ለምን ደብዳቤ በፎቶ ይለጥፋሉ? ምክንያቱ ማህተም ነው። እኛ ሀገር ማህተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም፤ ሕዝቡም ሐሰተኛ ማስታወቂያ ስለሰለቸው ማህተሙን ማየት ይፈልጋል። ይህ ፍላጎት ተገቢ ነው። ነገር ግን ደብዳቤው መጀመሪያ በኮምፒውተር የተተየበ ነው፤ ጽሑፉ ጸሐፊዋ ማሽን ውስጥ ተቀምጧል። ፎቶውን ከለጠፉ በኋላ ያንኑ ጽሑፍ ገልብጦ ከሥሩ ማስቀመጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ለኔትወርክም ይበጃል። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት የጋራ ኮድ፣ በድረ ገጽ በተለመደው አጻጻፍ፣ 3 ባይት ይይዛል። 2,000 ፊደል ያለው ማስታወቂያ 6 ኪሎ ባይት ብቻ ነው፤ ፎቶው ግን ተጨምቆ እንኳ የዚያን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ገጠር ጽሑፉ ከች ሲል ፎቶው ገና ይሽከረከራል። በጥቂት ብር ፓኬጅ የሚውል ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

ዓለም ስለዚህ ጉዳይ ማሰብ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት በጀመረችበት በ1997 እ.ኤ.አ. የድረ ገጽ መስፈርቶችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኅብረት የተደራሽነት ክፍሉን አቋቋመ። በ1999 የመጀመሪያው መመሪያ ወጣ። በ2008 ሁለተኛው ተከተለ፤ በ2018ና በ2023 ደግሞ እየተጨመረበት ዛሬ «ዊካግ 2.2» እየተባለ የሚጠራው ላይ ደርሷል። ፍሬ ነገሩ አራት ነው፦ ይዘቱ በአንዱ የስሜት ሕዋስ መድረስ አለበት፣ ገጹን ማንቀሳቀስ መቻል አለበት፣ የሚገባ መሆን አለበት፣ ከልዩ ልዩ መሣሪያ ጋር መስማማት አለበት።

መመሪያው በወጣበት በዚያው በ1999 ለእኛ ሌላ ትልቅ ነገር ሆነ፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት የአማርኛ ጽሑፍ በየሶፍትዌሩ የራሱ ፎንት ነበረው። ፊደሉ ስክሪን ላይ «ሀ» ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ነው። ለዐይን ችግር የለበትም፤ ለስክሪን አንባቢ ግን ትርጉም የለሽ ኮተት ነው። ዛሬም በአሮጌ ፎንት የተተየቡ ሰነዶች ወደ ፒዲኤፍ ተቀይረው ይለጠፋሉ። ስካን ስላልተደረጉ ደህና ይመስላሉ። ከፒዲኤፉ ላይ አንድ መስመር ገልብጣችሁ ሌላ ቦታ ለጥፉት፤ ኮተት ከወጣ ዐይነ ስውር አንባቢም የሚሰማው ያንኑ ነው። ይህን ሙከራ ማንኛውም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሊያደርገው ይችላል።

ጽሑፉ ጽሑፍ ከሆነ በኋላ ድምፁ ይመጣል። አማርኛን የሚያነቡ ድምፆች አሉ። ኢስፒክ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ የሮቦት ነው፣ የለመደው ሰው ግን ይሠራበታል። ማይክሮሶፍትም «መቅደስ»ና «አመሀ» የሚሏቸው፣ ሰው የሚመስሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት። ሆኖም አማርኛ ለማሽን የራሱ ፈተና አለው። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ይሆናል። «ይበላል» ሲላላ በላተኛው፣ ሲጠብቅ የሚበላው ምግብ ነው። ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል፤ ማሽን አንዳንዴ ይስታል።

ከዚህ የባሰው እኛው የምንጨምረው ነው። «ት/ቤት»፣ «መ/ቤት»፣ «ወ/ሮ»፣ «ጠ/ፍ/ቤት»። ለዐይን አጭር ነው፤ ለጆሮ ግን ፊደልና እዝባር እየተፈራረቀ የሚያደናግር ነገር ነው። ወረቀት ውድ በነበረበት ዘመን ይህ አጻጻፍ ጠቅሞን ይሆናል። ድረ ገጽ ላይ ቦታ ስለማይጠብ «ትምህርት ቤት» ብሎ መጻፍ ምን ያጎድላል? እንደዚሁ ፊደል በፊደል እየተራራቀ ለውበት የተጻፈ አርእስት፣ «ማ ስ ታ ወ ቂ ያ»፣ አንባቢው ስድስት ፊደል ሲቆጥር የሚውልበት ነው። ስድስት ብቻ ነው፤ ግን በጆሮ ሲሰማ ይረዝማል።

ቢዮ አዋሌ ላይ ሌላም ነገር ይታያል። የድሬዳዋ አስተዳደር የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በገጠሩ ግን አፍ የሚፈታው በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ነው፤ ሁለቱም የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። አሁን «ኤክስ» የምትባለዋን ፊደል ተመልከቱ። በኦሮሞኛው ቁቤ «ጠ»ን ትወክላለች፤ በሶማሊኛ ከጉሮሮ የሚወጣው «ሐ» ናት። «ሲ» በቁቤ «ጨ»፣ በሶማሊኛ ደግሞ ዐረቦች ዐይን የሚሉት ድምፅ ናት። በእንግሊዝኛ ሁለቱም ሌላ ናቸው። ገጹ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ካልተነገረው ስልኩ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ይሞክራል፤ አማርኛው ላይ ሲደርስ ወይ ዝም ይላል ወይ ያነበንባል። የሚያስፈልገው ገጹ ኮድ ውስጥ ቋንቋውን የምትገልጽ አንዲት ቃል ናት፤ በአንድ ገጽ ሦስት ቋንቋ ካለ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ። ብዙ የሀገራችን ድረ ገጾች ከውጭ በተወሰደ ቅርጽ ላይ ስለሚሠሩ ኮዳቸው «ቋንቋዬ እንግሊዝኛ ነው» እንዳለ ይቀራል። ፕሮግራመሩ ዐይናማ ስለሆነ አይታየውም።

ጉዳዩ የዐይነ ስውራን ብቻ እንዳይመስል ሌሎቹንም ላንሣ። መስማት ለተሳነው ሰው ቪዲዮ ሥር ጽሑፍ ያስፈልጋል። ግን ለብዙ መስማት የተሳናቸው ወገኖች አፍ መፍቻው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው፤ አማርኛ በኋላ የተማሩት፣ ያውም በጽሑፍ ብቻ የሚያውቁት ቋንቋ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። ተርጓሚ የለም ለማለት ይከብዳል። ዋና ዋና ማስታወቂያዎችን በአጭር የምልክት ቋንቋ ቪዲዮ ማቅረብ ይቻላል፤ ጽሑፉንም ከቢሮ አማርኛ ወደ ሰው አማርኛ ማውረድ ይገባል። «ከዚህ በላይ በተገለጸው አግባብ ባለጉዳዮች ቀርበው እንዲስተናገዱ እናሳስባለን» ማለት «ኑና ተስተናገዱ» ማለት ነው። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ መጫኛው ቢያንስ 24 በ24 ፒክሰል እንዲሆን አዲሱ መመሪያ ይጠይቃል።

የቀለም ነገር ለድሬ ሰው በደንብ ይገባዋል። መመሪያው ጽሑፍና መደቡ ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲለያዩ ይላል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው። ንጹሕ ቢጫ በነጭ ላይ 1.1 እንኳ አይሞላም። በድሬ የቀትር ፀሐይ ስልክ ይዞ ገርጣ ያለ ግራጫ ጽሑፍ ለማንበብ የሞከረ፣ ደካማ እይታ ምን እንደሆነ ለአፍታ ቀምሷል። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በተካሄደው ብሔራዊ የዐይን ጥናት 1.6 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ ዐይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደካማ እይታ ያለው ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዐይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ መንስኤው ሞራ ነው። ደካማ እይታ ያላቸው ከዐይነ ስውራን በእጥፍ ይበልጣሉ ማለት ነው። እነሱ የሚፈልጉት ድምፅ ሳይሆን ጎላ ያለ ፊደልና ደህና ቀለም ነው።

ቁጥሩ ራሱ አንድ የችግሩ ገጽታ ነው። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ያገኘው 864,218 አካል ጉዳተኛ፣ ማለትም ከሕዝቡ አንድ በመቶ ትንሽ ዘለል የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሪፖርት ደግሞ ለኢትዮጵያ 17.6 በመቶ ይላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከአጠያየቁ ነው። «ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?» ሲባል ሰው ይደብቃል፤ «ማየት ይቸግርዎታል?» ሲባል ይመልሳል። ድረ ገጽ የሚያሠራ ኃላፊ «ተጠቃሚያችን ውስጥ አካል ጉዳተኛ የለም» ሲል ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር ነው ያለው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ገንዘብና መታወቂያ ወደ ስልክ ገብተዋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ 1284 በ2015 ዓ.ም. ጸደቀ፤ ፋይዳ የተባለው ይህ መታወቂያ የሌለው ሰው ብዙ ቦታ ጉዳዩ የሚቆምበት ጊዜ መጥቷል። እዚህ ላይ ተደራሽ አለመሆን ከመቸገር አልፎ ሚስጥር መስጠት ይሆናል። መጫኛው ስም የለውም፤ ስልኩ «መጫኛ» ብቻ ይላል፣ የመላኪያውም የመሰረዣውም አንድ ዓይነት ነው። ማረጋገጫ ቁጥሩ በኤስኤምኤስ ይመጣል። በጆሮ የሚሠራ ሰው ከድረ ገጹ ወጥቶ መልእክቱን ፈልጎ፣ ስድስቱን አኃዝ ይዞ ሲመለስ ጊዜው አልፏል። ወይም የተጣመመ ፊደል ያለበት ካፕቻ ተደቅኖ «ሰው መሆንህን አረጋግጥ» ይለዋል። ያኔ ሰው ይጠራል። የተጠራው ሰው ሚስጥር ቁጥሩን ያውቃል፣ ቀሪ ሂሳቡን ያያል። አብዛኛው ሰው ታማኝ ነው። ቢሆንም ዐይናማው ኪሱን ለጎረቤት ከፍቶ የማያሳይበት ሀገር ውስጥ ዐይነ ስውሩ በየዕለቱ እንዲከፍት ማስገደድ ልክ አይደለም። መፍትሔው ይታወቃል፦ ለእያንዳንዱ መጫኛና ለእያንዳንዱ መሙያ ሳጥን ስም መስጠት፣ ጊዜውን ማራዘም፣ ካፕቻውን በሌላ መንገድ መተካት። ዊካግ 2.2 መግቢያው ላይ አማራጭ የሌለው የማስታወስና የእንቆቅልሽ ፈተና እንዳይኖር በግልጽ ይጠይቃል።

በዚህ ረገድ አጭር ቁጥሮች፣ ለምሳሌ የቴሌብሩ *127#፣ መልካም ነገር አላቸው፤ ሁሉም ነገር ጽሑፍ ስለሆነ ስልኩ ያነበዋል፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ቶሎ መዘጋታቸው ብቻ ነው የሚያስቸግረው።

ትምህርት ቤትም ያው ጥያቄ ይመጣል። በብሔራዊ ፈተና ላይ ለዐይነ ስውር ተማሪ ጥያቄውን የሚያነብ ሰው ይመደባል፤ የአንባቢው ድካም፣ የሒሳብ ምልክት አለማወቁ፣ መቸኮሉ የተማሪውን ውጤት ይነካል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን ይሰጣል። ሥርዓቱ ለስክሪን አንባቢ ከተሠራ ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄውን ደግሞ ደጋግሞ በራሱ ጆሮ የሚሰማበት ዕድል ይከፈታል። እኔ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አስቀድሙ ብባል ይህን አስቀድማለሁ።

ሕጉስ? ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽን በአዋጅ 676/2002 አጽድቃለች። ኮንቬንሽኑ በአንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስም ጠርቶ ተደራሽ እንዲሆን ያዛል፤ ሕገ መንግሥታችን ደግሞ በአንቀጽ 9(4) የጸደቁ ስምምነቶችን የሀገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋል። መብቱ አለ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ታች ሲወረድ ይሳሳል። የሕንፃ አዋጁ 624/2001 ስለ ደረጃና መግቢያ ይናገራል፤ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት የሚመለከተው አዋጅ 568/2000 ስለ ቅጥርና ስለ ሥራ ቦታ። ሁለቱም ሲወጡ ድረ ገጽ በር መሆኑ አልታሰበም ነበር። ኬንያ በ2022 እ.ኤ.አ. ለቴክኖሎጂ ተደራሽነት የራሷን ብሔራዊ መስፈርት አውጥታለች። እንደ የትነበርሽ ንጉሤ ያሉ፣ በአምስት ዓመቷ የዐይኗን ብርሃን አጥታ በሕግ ተመርቃ በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት እስከማግኘት የደረሰች ባለሙያዎች ያሉባት ሀገራችንም መስፈርት የሚጽፍ ሰው አጣች ማለት አይቻልም።

ውጭ ሀገር ክስና ሕግ ብዙ ሠርተዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. ብሩስ ማጓየር የተባለ ዐይነ ስውር አውስትራሊያዊ የሲድኒ ኦሊምፒክን ድረ ገጽ ከስሶ ረታ፤ አዘጋጆቹ 20,000 የአውስትራሊያ ዶላር እንዲከፍሉ ተወሰነ። በአሜሪካ ጊየርሞ ሮብልስ ፒዛ ማዘዝ ስላልቻለ ዶሚኖስን ከሰሰ፤ ኩባንያው በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ጉዳዩን የሚያይለት አጣ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ከሰኔ 2025 ጀምሮ የግል የኦንላይን ንግድና ባንክን ጨምሮ ያስገድዳል። ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን የአየር መንገድ ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ወደዚያ የሚበሩ የውጭ አየር መንገዶች ለአሜሪካ መንገደኞች የሚያቀርቡት ድረ ገጽ ዊካግን እንዲያሟላ ካዘዘ ዓመታት አልፈዋል። ዋሽንግተን የሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድም በዚህ ደንብ ሥር ነው። ለዋሽንግተን መንገደኛ ግዴታ የሆነው ነገር ለቢዮ አዋሌ ሰው ውለታ መሆን የለበትም።

ሌላው ዓለም ጨርሶታል እያልኩ አይደለም። ዌብኤይም የተባለው የዩታ ተቋም በ2025 አንድ ሚሊዮን መነሻ ገጾችን ፈትሾ 94.8 በመቶው ላይ ግልጽ ጉድለት አገኘ። ቀዳሚው የገረጣ ቀለም ነው፤ ከዚያ መግለጫ የሌለው ምስል፣ ስም የሌለው መሙያ ሳጥን። ሁሉም ተራ ስህተቶች ናቸው። በአንድ መስመር ኮድ ሁሉን እናስተካክላለን የሚሉ ሻጮችም አሉ። አክሴስቢ የተባለው ኩባንያ እንዲህ ብሎ በማስተዋወቁ በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አንድ ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ለእንዲህ ያለው ገንዘብ ከሚያወጡ አንድ ስክሪን አንባቢ የሚጠቀም ተመራቂ ቀጥረው ገጻቸውን ቢያስፈትሹ ይሻላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ወደ ቤቴ ስመለስ ያንን ማስታወቂያ ቁጭ ብዬ ተየብኩት። ከሃያ ደቂቃ አልበለጠም። «ት/ቤት» ያለውን «ትምህርት ቤት» አድርጌ በቴሌግራም ላክሁለት። ወዲያው ደወለ። ከበስተጀርባ የስልኩ ድምፅ ጽሑፉን ሲያነበንብ ይሰማኛል፤ አቆመው፣ ወደ ኋላ መለሰው፣ ደግሞ አስነበበው። ግርጌው ላይ ያለውን፣ እኔ ጥላው ሥር የዘለልኩትን መስመር ነበር የሚደጋግመው፦ አካል ጉዳተኛ አመልካቾች ይበረታታሉ።

«ይቺን እኮ አላነበብክልኝም» አለኝ።